እስከ መቼ ተቆጣሪ ብቻ?



ባለፈው ክረምት በእድራችን ስብሰባ ላይ ክርክር ተነሥቶ ነበር። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው አንድ አባል እጁን አውጥቶ፣ «እኔና ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባባ በወር እኩል ሃምሳ ሸቅል የምንከፍለው በምን ሂሳብ ነው? እኔ ገና አርባ ዓመት ስከፍል ልኖር ነው፣ እሳቸው ግን...» ሲል እናቱ ከኋላ ሆነው ዝም አሰኙት። ሽማግሌው ግን አልተቆጡም። «ልጄ፣ የጠየቅኸው ደግ ነው። እኔም አንድ ልጠይቅህ። አንተ ሰባ ዓመት ሲሞላህ በዚህ ሣጥን ውስጥ ገንዘብ ይኖራል ብለህ ታምናለህን?» አሉት። ቤቱ ጸጥ አለ። ገንዘብ ያዡ መዝገቡን ቢያገላብጥም የሚያገኘው የአለፈውን እንጂ የሚመጣውን አልነበረም።

እኔም ቤቴ ገብቼ ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። ለምሳሌ ያህል 100 አባወራ ያለበት እድር እንውሰድ። በወር 50 ሸቅል ሲከፈል በዓመት 60,000 ሸቅል ይሆናል። ለአንድ ሐዘን 10,000 ሸቅል የሚሰጥ ቢሆን በዓመት ስድስት ሐዘን ይችላል ማለት ነው። አባሎቹ ዛሬ በአርባዎቹ ዕድሜ ውስጥ ናቸውና በዓመት አራት ሐዘን ቢደርስ 20,000 ይተርፋል፤ የተረፈውም ለሽርሽርና ለአዳራሽ ኪራይ ይወጣል። ሃያ ዓመት ሲያልፍ እነዚያው ሰዎች ስልሳዎቹን ይይዛሉ። አዳዲስ ወጣቶች ካልገቡ ሐዘኑ በዓመት አሥር ሊደርስ ይችላል። ያን ጊዜ የሚያስፈልገው 100,000 ሲሆን የሚገባው ግን ያው 60,000 ነው። በየዓመቱ የተረፈችው 20,000 ሳትነካ ብትቀመጥ ኖሮ በሃያ ዓመት 400,000 ሆና የ40,000ዋን ጉድለት ለአሥር ዓመት ትሸፍን ነበር። ለሽርሽር የወጣችው ገንዘብ የማን ኖሯል? ይህን ጥያቄ በእድር ስብሰባ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም።

ይህን እያሰሉ እንጀራቸውን የሚበሉ ሰዎች አሉ። አክቱዋር ይባላሉ። ብዙ ወላጅ ስሙን ሰምቶት አያውቅም፤ የሰማም ቢኖር ከሂሳብ መርማሪ፣ ከሮኤ ሔሽቦን ጋር ያምታታዋል። ሮኤ ሔሽቦን የገባውንና የወጣውን ይመረምራል። አክቱዋር ግን ገና ያልደረሰውን ይገምታል። አንድ ሺህ የአርባ ዓመት ሰዎች ቢሰጡት በሚመጣው ዓመት ስንቱ እንደሚሞቱ፣ ስንቱ ታመው ከሥራ እንደሚወጡ፣ ስንቱ እስከ ዘጠና ዓመት እንደሚደርሱ ያሰላል። ማን እንደሚሞት አያውቅም፤ ያን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። ስንት እንደሚሆኑ ግን፣ ሰዎቹ ብዙ እስከሆኑ ድረስ፣ ግምቱ ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። ከዚያ በኋላ ዛሬ ስንት ቢሰበሰብና ገንዘቡ ምን ያህል ወለድ ቢወልድ ነገ የተገባውን ቃል መፈጸም እንደሚቻል ይናገራል።

ሥራው አዲስ አይደለም። ኤድመንድ ሃሌይ፣ ባለጅራቱ ኮከብ በስሙ የሚጠራው ሊቅ፣ በ1693 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ብሬስላው ከተባለች ከተማ የልደትና የሞት መዝገብ ተነሥቶ በየዕድሜው ስንት ሰው በሕይወት እንደሚቀር የሚያሳይ ሠንጠረዥ አወጣ። በ1740ዎቹ ደግሞ ሮበርት ዋላስና አሌክሳንደር ዌብስተር የሚባሉ ሁለት የስኮትላንድ ቄሶች፣ ኮሊን ማክሎሪን ከተባለ የሂሳብ መምህር ጋር ሆነው፣ ለቄሶች ሚስቶችና ወላጅ አልባ ልጆች የሚሆን ፈንድ አቋቋሙ። ቄስ ሲሞት ቤተሰቡ ሜዳ ላይ እንዳይወድቅ ማለት ነው። እንግዲህ ይህ እድር አይደለምን? ልዩነቱ እነሱ መዋጮውን ከመወሰናቸው በፊት በየዓመቱ ስንት ቄስ እንደሚሞትና ስንት መበለት እንደሚተርፍ መቁጠራቸው ነው።

ሕዝብን መቁጠር ደግ አይደለም የሚሉ አባቶች እንዳሉን አውቃለሁ። የንጉሥ ዳዊትንም ታሪክ ያነሣሉ፤ እስራኤልን ቢያስቆጥር ቸነፈር መጣ። ቃላቸውን አከብራለሁ። ነገር ግን እኛ ብንቆጥርም ባንቆጥርም ሌሎች ይቆጥሩናል፤ ከቆጠራቸው የሚወጣውም ቁጥር እስከ ማዕድ ቤታችን ይገባል።

የደመወዝ ወረቀታችሁን፣ ትሉሹን፣ አውጥታችሁ ተመልከቱ። ከ2008 ጀምሮ በእስራኤል አገር አሠሪ ሁሉ ለሠራተኛው ፔንሲያ መክፈል ግዴታው ነው። በ2008 ሲጀመር በጠቅላላው 2.5 በመቶ ብቻ ነበር፤ በየጊዜው እየጨመረ ከ2017 ወዲህ ከሠራተኛው 6 በመቶ፣ ከአሠሪው 6.5 በመቶ፣ ለፒጹዪም ቢያንስ 6 በመቶ፣ በድምሩ 18.5 በመቶ ደርሷል። ደመወዙ 6,000 ሸቅል የሆነ ሰው በወር 1,110 ሸቅል ይጠራቀምለታል። ሠላሳ ዓመት ሲሠራ 399,600 ይሆናል፤ አራት መቶ ሺህ እንበለው። ከዚህ ላይ ለአካል ጉዳትና ለሟች ቤተሰብ ዋስትና የሚቆረጥ፣ ለአስተዳዳሪው ኩባንያም የሚወሰድ አለ፤ በሌላ በኩል ደግሞ ገንዘቡ ሲሠራበት የሚያመጣው ትርፍ አለ። ነገሩን ለመረዳት ያህል ለጊዜው ሁሉንም እንተዋቸው።

ሰውየው ጡረታ ሲወጣ አራት መቶ ሺውን በእጁ አይቆጥሩለትም። መካዴም በሚባል ቁጥር ይካፈልና ወርሐዊ ጡረታው ይወጣል። መካዴሙ 200 ከሆነ በወር 2,000 ሸቅል ያገኛል። 210 ከሆነ ግን 1,905 ገደማ ነው። እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ በየወሩ ዘጠና አምስት ሸቅል ጎደለበት ማለት ነው። መካዴሙን ማን ያወጣዋል? አክቱዋሮች ናቸው የሚያሰሉት፤ ሰዎች ጡረታ ከወጡ በኋላ ስንት ዓመት እንደሚኖሩ፣ የትዳር ጓደኛቸውስ ከእነሱ በኋላ ስንት ዓመት እንደምትቆይ ከሚገምት ሠንጠረዥ ተነሥተው። ሰው ዕድሜው በረዘመ ቁጥር መካዴሙ ይወጣል፣ ወርሐዊው ጡረታ ይወርዳል። ይህን ሚኒስትር በቴሌቪዥን ቀርቦ አይነግራችሁም።

(በነገራችን ላይ ለአስተዳዳሪው ኩባንያ የሚከፈለው ድሜይ ኒሁል በሕግ ጣሪያ አለው፤ በአጠቃላይ የፔንሲያ ፈንድ ከሚገባው ገንዘብ 6 በመቶ፣ ከተጠራቀመው ደግሞ በዓመት 0.5 በመቶ። ጣሪያውን የሚከፍል ሰው ብዙውን ጊዜ ያልጠየቀ ሰው ነው። መንግሥት በጨረታ የመረጣቸው ከዚያ እጅግ ያነሰ የሚያስከፍሉ ፈንዶችም አሉና ጠይቁ።)

ሂሳቡ ሲሳት ምን እንደሚሆን ይህች አገር አይታዋለች። የቆዩት የፔንሲያ ፈንዶች ለአባሎቻቸው የገቡት ቃል ከሚሰበስቡት ገንዘብ በልጦ ስለተገኘ በ1995 ለአዲስ አባል ተዘጉ። በ2003 ደግሞ መንግሥት ኪሳራ የነበረባቸውን በራሱ ሹማምንት እጅ አደረገ፤ የአባሎቹም መብት ተቀነሰ። በ2004 የወጣው ሕግ የወንዶችን የጡረታ ዕድሜ ከ65 ወደ 67 ከፍ አደረገ። የሴቶቹም ወደ 62 ወጣ፤ ከ2022 ጀምሮ ደግሞ ወደ 65 ቀስ በቀስ እየወጣ ነው። ከእነዚህ ውሳኔዎች ኋላ ሁሉ የአክቱዋሮች ወረቀት አለ። ቢቱዋሕ ሌኡሚም የራሱ አክቱዋሮች አሉት፤ ፈንዱ እስከ መቼ እንደሚበቃ በየጊዜው ሪፖርት ያወጣሉ።

አሁን ወደ ወላጆቻችን ልመለስ። በ1984 በሱዳን በረሃ አቋርጠው የመጡት፣ በግንቦት 1991 በሠላሳ ስድስት ሰዓት ውስጥ ከአዲስ አበባ የተጫኑት፣ አብዛኞቹ የገቡት በጽዳት፣ በጥበቃና በፋብሪካ ሥራ ነው። ከ2008 በፊት ሁሉንም ሠራተኛ የሚያቅፍ የፔንሲያ ግዴታ አልነበረም። በስምምነት ፔንሲያ በሚከፈልበት ሙያም ቢሆን ካብላኑ በተቀያየረ ቁጥር ሠራተኛዋ እንደ አዲስ ትቀጠራለች፤ የጠየቀ የለም፣ የተረጎመላት የለም። ሃያ ዓመት ደረጃ የጠረገች እናት ዛሬ ከቢቱዋሕ ሌኡሚ አበል ሌላ የላትም። በስማቸው የተረሳ ገንዘብ እንዳለ ለማጣራት «ሃር ሃከሴፍ» የሚባለው የመንግሥት አገልግሎት አለ፤ ልጆች ሆይ፣ አንድ ምሽት ከወላጆቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ፈልጉላቸው። የአክቱዋር ትምህርት አይጠይቅም።

ሌላው ቁስላችን ዕድሜ ነው። የአክቱዋር ሠንጠረዥ የሚጀምረው ከዕድሜ ነው። የእኛ አባቶች ዕድሜ ግን በመንደራችን የሚቆጠረው «ጣሊያን ሲወጣ ከብት እጠብቅ ነበር» በሚል እንጂ በቀንና በወር አልነበረም። እዚህ ሲደርሱ ጸሐፊው ፊታቸውን አይቶ ገምቶ ጻፈ። ዛሬም ቀንና ወር የሌለበት፣ ዓመት ብቻ የሰፈረበት ቴዑዳት ዜሁት የያዙ አሉን። በ1991 ሠላሳ ዓመት ነው ተብሎ የተመዘገበ ሰው 67 የሚሞላው በ2028 ነው። እውነተኛ ዕድሜው ያን ጊዜ ሠላሳ አምስት ከነበረ አምስት ዓመት ያለ ዕዳው ይሠራል፤ ወገቡም ያውቀዋል። ዕድሜን በፍርድ ቤት ለማስወሰን የሚያስችል ሕግ ከ1963 ጀምሮ አለ፤ ሆኖም ማስረጃ ይጠይቃል፣ ከጎንደር ገጠር የልደት ወረቀት ከወዴት ይመጣል? አንድ ግለሰብ ሲሳሳቱበት የግሉ ችግር ነው ይባላል። የአንድ ትውልድ ዕድሜ ሲሳሳት ግን የስታቲስቲክስ ጉዳይ ነው፤ ይህን በሙያው ቋንቋ አስረድቶ በኮሚቴ ፊት የሚያቀርብ የእኛ ሰው እስካሁን አላየሁም።

ከዚህም የከበደ ነገር አለ። የአክቱዋር ሥራ ሰዎችን በቡድን መመደብ ነው፤ ወጣት ሾፌር፣ አዛውንት፣ አጫሽ፣ ሴት፣ ወንድ። የቱ ምድብ ተገቢ ነው፣ የቱስ ግፍ ነው? በጥር ወር 1996 የሰጠነው ደም በምስጢር ሲጣል እንደኖረ ጋዜጣ ሲያወጣው፣ በሺዎች ሆነን በኢየሩሳሌም በጠቅላይ ሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ፊት ወጣን። ያን ያደረጉት ሰዎች አክቱዋሮች አልነበሩም። ይሁንና አስተሳሰቡ ያው ነበር፤ አንድን ሕዝብ በሙሉ «አደገኛ ቡድን» ብሎ በአንድ መስመር መጻፍ፣ ለሰውየውም አለመንገር። እኛም በእግራችንና በድምፃችን መለስን። ትክክልም ነበር። በዚያ ክፍል ውስጥ ሠንጠረዡ ሲጻፍ ግን ከእኛ አንድም ሰው አልተቀመጠም።

የአሜሪካ ጥቁሮች ይህን ቀድመውን አይተዋል። ፍሬድሪክ ሆፍማን የተባለ፣ በትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ውስጥ የስታቲስቲክስ ሠራተኛ፣ በ1896 በቁጥር የታጨቀ መጽሐፍ አውጥቶ ጥቁሮች በዘራቸው ምክንያት ቶሎ የሚሞቱ ናቸውና ዋስትና ሊገባላቸው አይገባም የሚል ክርክር አቀረበ። በዓመቱ፣ በ1897፣ ኬሊ ሚለር የሚባል በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሂሳብ አስተማሪ የሆነ ጥቁር ምሁር የሆፍማንን ቁጥሮች አንድ በአንድ እየፈተሸ መልስ ጻፈበት። ለቁጥር የመለሰው በቁጥር ነው። ከዚያ በኋላም ገና ብዙ ዓመት ወሰደ፤ ሮበርት ራንዳል የአሜሪካ አክቱዋሮች ማኅበር የመጀመሪያው ጥቁር ሙሉ አባል የሆነው በ1952 ነው። በእኛ በኩል በዚህ ሙያ ላይ ያለ የቤተ እስራኤል ልጅ እኔ በግሌ አላውቅም። የሚያውቅ ቢኖር ይንገረን፣ ስሙን በደስታ በትልቁ እናትመዋለን።

እንዴት ይገባበታል?

መንገዱ የሚጀምረው ዩኒቨርሲቲ በር ላይ አይደለም፣ ከሰባተኛ ክፍል ነው። በሐቲቫ ልጆች በሂሳብ ሃክባጻ ይከፈላሉ፤ በአሥረኛ ክፍል ደግሞ ባለ ሦስት፣ ባለ አራትና ባለ አምስት የሓላፊነት ነጥብ ሆነው ይለያሉ። ስንት ጊዜ ነው በወላጆች ስብሰባ ላይ መምህሩ ፈገግ ብሎ «ልጁ ጎበዝ ነው፣ እንዳይጨነቅ ሦስት ይበቃዋል» ሲል አባት አመስግኖ የወጣው! እኔም አንድ ጊዜ እንደዚሁ አመስግኜ ወጥቻለሁ፤ ምን እንደ ፈረምኩ የገባኝ ልጄ ለዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት ነው። በሦስት ነጥብ ሂሳብ ወደ አክቱዋርነት መድረስ አይቻልም ማለት ይቻላል። አምስቱን ነጥብ የያዘ ግን ዩኒቨርሲቲዎች በሂሳብ ውጤቱ ላይ 35 ነጥብ ይጨምሩለታል፤ ይህን የማያውቅ ወላጅ «አምስት ወስዶ 75 ከሚያመጣ ሦስት ወስዶ 95 ያምጣ» ብሎ ይሳሳታል። ጊዜው ያለፈበት ልጅም ተስፋ አይቁረጥ። ከሠራዊት ሲመለስ በመኺና ውስጥ ሂሳቡን ማሻሻል ይችላል።

ቀጥሎ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ በሂሳብ፣ በስታቲስቲክስ፣ ወይም ስታቲስቲክስ በተጨመረበት ኢኮኖሚ። ከዚያ የሙያው ትምህርት ይመጣል። ሐይፋ ዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምረዋል። በአገሪቱ ያለው የአክቱዋሮች ማኅበር፣ አጉዳት ሃአክቱዋሪም፣ የእጩውን ትምህርትና የሥራ ልምድ መርምሮ ሙሉ አባል ያደርጋል። በእንግሊዝ ወይም በአሜሪካ ማኅበሮች ፈተና በኩል የሚሄዱም አሉ። የአሜሪካኑ የመጀመሪያ ፈተና በፕሮባቢሊቲ ላይ ነው፤ በሦስት ሰዓት ሠላሳ ጥያቄ ይመለሳል፣ ለመቀመጥም ዲግሪ አይጠይቅም። ስለዚህ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ ራሱን መፈተሽ ይችላል። ፈተናው በእንግሊዝኛ ነውና እንግሊዝኛውም እንደ ሂሳቡ ይታሰብበት።

ቀላል ነው ብዬ አላታልላችሁም። ፈተናዎቹ ብዙ ናቸው፣ ብዙ ሰው አንዱን ሁለትና ሦስት ጊዜ ይወድቃል፤ ከዲግሪ በኋላ ሙሉ አባል እስኪሆን ብዙ ዓመት ይፈጃል። ነገር ግን እነዚያ ዓመታት እንደ ሕክምና ትምህርት ያለ ደመወዝ የሚታለፉ አይደሉም። ወጣቱ በኢንሹራንስ ኩባንያ፣ በፔንሲያ ፈንድ ወይም በአማካሪ ቢሮ ጀማሪ ሆኖ ተቀጥሮ እየሠራ ይማራል፤ የፈተናውን ወጪ የሚከፍሉ አሠሪዎችም አሉ። ሥራም አይጠፋም፤ የኢንሹራንስ ኩባንያ አክቱዋር እንዲሾም ሕግ ያስገድደዋልና። በመንግሥት በኩል ለሚፈልግ ደግሞ በ2011 የወጣው ሕግ በመንግሥት ሥራ ላይ ለኢትዮጵያ ተወላጆች ተገቢ ውክልና እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉን ሁልጊዜ ለጥበቃና ለጽሕፈት ሥራ ብቻ ስንጠቅሰው እሰማለሁ። ለምን ለአክቱዋሮች ክፍል አንጠቅሰውም?

«ለምን ሐኪም፣ ለምን ጠበቃ አይሆኑም?» የሚለኝ አይጠፋም። ይሁኑ፣ እሰየው። ነገር ግን ሐኪም በሆነ ልጅ ላይ መንደሩ ሁሉ ሲኮራ፣ ሂሳብ የምትወድ ልጅ ደግሞ «መምህር ትሆናለች» ከመባል አልፋ አታውቅም። እንዲህ ዓይነት ሥራ መኖሩን ያልሰማ ልጅ አይመኘውም፤ ወላጁም ያላወቀውን በር አያንኳኳለትም።

የእድራችን ክርክር እስካሁን አልተፈታም። በሰግድ ማግስት እንደገና እንሰበሰባለን፤ እስከዚያ ወጣቱም ሽማግሌውም ሃምሳ ሃምሳ ሸቅላቸውን ይከፍላሉ። እኔ ያን ዕለት የአባሎቹን ዕድሜ በዝርዝር እንድናቀርብ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ የተመዘገበውን ብቻ ሳይሆን እውነተኛውንም። ይህን የምታነቡ ወላጆች ደግሞ፣ በዚህ ዓመት ልጃችሁ ከአምስት ወደ አራት ወይም ወደ ሦስት ዝቅ ተደርጎ ከሆነ ምክንያቱን ከትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የሰጧችሁንም መልስ በአማርኛም ሆነ በዕብራይስጥ ለዝግጅት ክፍላችን ላኩልን። የልጁንና የትምህርት ቤቱን ስም ሳንገልጽ ሰብስበን እንቆጥራቸዋለን።